ሳትበላ የሮጠች መኪና

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለፀሐዬ፣ አሰብ ወደብ፤

እኔ አለሁ። አንተም መኖርህን ከደብዳቤህ ሰምቻለሁ። ስለ ጤና በዚህ ይብቃን።

ስሜ ቀለመወርቅ ቢሆንም ቀለም አልቆጠርኩም። ይህን ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ፤ ዘጠኝ ዓመት ጋራዤ ውስጥ ስትሠራ ደብዳቤዬን ሁሉ የጻፍከው አንተ ነህ። አሁን የምትጽፍልኝ ወይዘሮ ኮከብ ናት። አዎ፣ ራሷ ናት፤ ጉልበቱ የተሰበረው የልጁ የወንድሙ እናት። ሌላ ጸሐፊ አጥቼ አይደለም። ደብተራው የእኔን ቃል ትቶ የራሱን ቅኔ ይጨምርበታል። የአጥቢያ ዳኛው ጸሐፊ ደግሞ የጻፈውን ማታውኑ ጠላ ቤት ያወራዋል። ኮከብ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ያልኩትን እንዳልኩት የምትጽፍ፣ የጻፈችውን በሆዷ የምትይዝ ሴት ናት። አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ መሐላ አትጽፍም። «መድኃኔዓለምን!» ስል ብዕሯን ታነሣለች። «ጋሼ፣ ነገርዎ አዎን ከሆነ አዎን ይበሉ፣ ይበቃል» ትለኛለች። እነዚህ ጴንጤዎች እንዲህ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ወረቀት ላይ መሐላ ብታጣ ስላልማልኩ አይደለም።

አንተን እንደማትወድህም አልደብቅህም። «የልጄን ጉልበት ለሰበረ ሰው ነው የምጽፈው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ለጠላትም ቢሆን ደብዳቤ አይከለከልም፤ ይንገሩኝ» አለች።

ወደ ጥያቄህ። «የመኪናዋን ሞተር ከፈቱት ወይ?» ላልከኝ፣ ከፍቼዋለሁ። አርባ ዓመት ሞተር ከፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ሦስተኛው ፒስተን የለም። ተሰበረ አላልኩህም፤ የለም። ፍርፋሪውን ከዘይቱ ውስጥ እንደ ቆሎ በእፍኜ ዘገንኩት። ቫልቮቹ እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጣመዋል። የፒስተኑ ክንድ የሞተሩን ጎን በስቶ የወጣበት ቀዳዳ ቡጢዬን ያስገባል፤ አስገብቼ አይቻለሁ። ብረቱ ውስጥ ውስጡን ሰማያዊ ሆኗል። ክዳኑን ይዤ ስንት ሰዓት እንደ ቆምኩ አላውቅም። ጎረቤት «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ወስዶ አስቀመጠኝ።

ሰዉ «ዲቃላዋ ሞተች» ይላል። ቤንዚን ስትጠጣ የኖረችውን ላንድሮቨር ከእንጨት መሰንጠቂያ በወጣ የናፍጣ ሞተር ስገጥማት በስድብ ያወጡላት ስም ነው፤ ኋላ ግን ሠርግ በመጣ ቁጥር «ዲቃላዋን ስጠን» እያለ ደጄ የሚቆመው ያው ተሳዳቢ ነበር። አልሞተችም። አስነሣታለሁ። እዚህ ፒስተን ጠፍቷል፤ አንተ ወደብ ላይ ነህ፣ ፈልግ። ልኩን እንደ ልማዴ በክር ለክቼ ቋጥሬዋለሁ፣ ክሩ ከደብዳቤው ጋር አለ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ስፋቱ፣ ሁለተኛው ቁመቱ ነው።

የምስክር ወረቀት ጉዳይ። የከባድ መኪናው ድርጅት ኃላፊ «ኮልፌ ላይ ሰክሮ ሰው ሰበረ ይሉሃል፤ ካሠለጠነህ ሰው ወረቀት ካላመጣህ ሞተር አትነካም» ማለቱን ኮከብ አንብባልኛለች። እኔ የተናገርኩትን ሽማግሌዎች ፊት ተናግሬያለሁ፤ አንተም እዚያው ነበርክ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገሜዳ «ናፍጣ የተቋረጠበት ሞተር ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይሠራም፤ ሳይበላ የሚሮጥ ፍጥረት የለም» አልኩ። ከዚህ ወዲያ ምን የሚጻፍ አለ?

በመጨረሻው ገጽ ላይ የጠየቅኸኝን አሁን አልመልስም።

ቀለመወርቅ

አሰብ፣ ግንቦት 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአስተማሪዬ ለጋሼ ቀለመወርቅ፤

ከወገብ በታች ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ። ይህን ለሚያነቡልዎት ለእትዬ ኮከብም ሰላምታዬ ይድረስ፤ እትዬ፣ ሰላምታዬን ካልፈለጉት ዘለው ያንብቡት።

አራት ፒስተን ከነቀለበታቸው አግኝቻለሁ። ከአንድ የተጣለ የመርከብ ፓምፕ ሞተር የወጡ ናቸው። ክርዎን ይዤ ሳምንት ሙሉ የብረት ክምር ስገለብጥ ከረምኩ። አየለ የሚባል ሾፌር በጆንያ ያመጣልዎታል።

እኔ የጨው ጆንያ እሸከማለሁ። ሙቀቱን አልነግርዎትም፤ እዚህ ሰው ጥላውን ይዞ ነው የሚዞረው። ትከሻዬ ቆስሏል፣ ይደርቃል። ያልደረቀው ሌላ ነው።

ጋሼ፣ ያን የሠርግ ቀን ጠላ እንኳ አልቀመስኩም። ሙሽራው የገሜዳ ልጅ ብርሌ ሲዘረጋልኝ «ስመለስ» አልኩት፤ ይጠይቁት። አሥራ አንድ ሰው ጭኜ ከአስኮ በላይ ያለውን አቀበት ስጀምር ሞተሩ በራሱ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። እግሬን አነሣሁ፤ ባሰበት። ማጥፊያውን ሳብኩ፤ ባሰበት። ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሬን ይዤ ላንቃት ብል ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። ነጩ ጭስ መንገዱን ሞላው፣ ሙሽራዋ በመስኮት ወጣች፣ ሚዜዎቹ ወረዱ። አንዱ «ሰይጣን ነው!» እያለ ይሮጣል። በሰንጢ የናፍጣውን ቱቦ ቆረጥኩ። ቱቦው በቀኝ እጄ ነው፤ ናፍጣው መሬት ላይ ይፈሳል፤ ሞተሩ ግን ይጮሃል። እየጨመረ ይጮሃል! ወንድሙ ለጎማው ድንጋይ ሊያደርግ ጎንበስ ባለበት ነው የሞተሩ ጎን ፈንድቶ ብረቱ ጉልበቱን የመታው።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌዎች ተናግሬያለሁ። እርስዎ «አይሠራም» ካሉ በኋላ ግን የሰማኝ የለም። «ሰክሮ ነዳጅ ሲረግጥ ነው» ተባለ፣ «ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር መኪና እንዳይነካ» ተባለ፣ ወጣሁ። እኔም አልፈረድኩብዎትም። ጋሼ ያላወቁት የሞተር ነገር ከየት ይመጣል ብዬ ነው።

አሁን ግን የራሴን ዓይን ማመን አቅቶኛል። ባለፈው ሳምንት ክሬኑ ወደ እኔ ዞረ ብዬ ጆንያዬን ጥዬ ሮጥኩ። ክሬኑ ቆሞ ነበር። ሰዉ ሳቀ። እንግዲህ ወረቀቱ ቢቀር ይቅር፤ አንድ ቃል ብቻ ይላኩልኝ። ያየሁት ነገር ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም? የማይችል ከሆነ አብጃለሁ ማለት ነው፤ ጠበል እሄዳለሁ፣ ልቤም ያርፋል።

እትዬ ኮከብ፣ ስለ ወንድሙ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ መሪው ግን በእጄ ነበር።

ልጅዎ ፀሐዬ

ኮልፌ፣ ሰኔ 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለፀሐዬ፤

ዕቃው ደርሷል። አየለ ከነጆንያው ደጄ ድረስ አምጥቶ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። ፒስተኖቹን በክሬ ለካኋቸው። ሦስቱ ቋጠሮው ላይ ልክ አረፉ፤ አራተኛው የፀጉር ያህል ይበልጣል፣ በቶርኖ አስላጨዋለሁ። አመሰግናለሁ አልልህም። ዕቃ መምረጥ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።

የሞተሩን ጎን የሚበይድ ሰው አጥቼ ነበር። አንዱ «ይሰነጠቃል» ይላል፣ አንዱ «ጣለው» ይላል። ራሴ ያዝኩት። ከሰል ውስጥ ቀብሬ ቀኑን ሙሉ አጋልኩት፣ ፍም እንደ መሰለ በየድኩት፣ ከዚያ ቶሎ በርዶ እንዳይሰነጠቅ አመድ ውስጥ ሦስት ቀን አስተኛሁት። ገሜዳ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ቀለሜ፣ ሞተር እንደ ዳቦ መጋገር ጀመርክ?» አለኝ። «ሲበስል እጠራሃለሁ» አልኩት። ዛሬ በመዶሻ መታሁት፤ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። አንድ ስንጥቅ የለውም።

ስለ ወንድሙ ጠይቀሃል። ምርኩዙን ጥሏል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። አውቶቡስ ውስጥ እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሰው እየረገጠው መልሶ እሱኑ ይሳደባል።

ደብዳቤህን ኮከብ ስታነብልኝ ልጇ ጎንበስ ያለበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውሃ ጠጣች። ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስለ ይቅርታው መልሷን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋባቸው ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚሰበሰቡት፣ የራሷ ጭንቀት አላት።

ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም ላልከኝ፦ ጠበል አትሂድ። እብድ አይደለህም። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ኮከብ ብዕሯን ይዛ ታየኛለች። «እብድ ካልሆነ ምንድን ነው?» ትላለች። አንቺ ጻፊ አልኳት።

ትናንት መተንፈሻውን ቱቦ ፈታሁት። ታስታውሰዋለህ፤ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው ጭስ ተሳፋሪውን ሲያስነጥሰው አየር ከሚስብበት አፍ ጋር ያገናኘሁበት ቱቦ። የራሴ ብልሃት ነው፤ በማንም መኪና ላይ የለም። ከመበየዱ በፊት ለምን እንዳልፈታሁት አትጠይቀኝ። ፈታሁትና ወደ ብርሃን አዞርኩት። ዘይት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘይት ነው። እጄ ላይ ተንጠባጠበ።

ይህን አትጻፊ አልኳት። «ጋሼ፣ የተነገረ ተጻፈ» አለች። «ዘይት ቢሆን ምን ይሆናል?» አለች። ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ የምለው አይሰማትም። በዚህ ይብቃ።

ቀለመወርቅ

ኮልፌ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ፀሐዬ፤

ሁለት ደብዳቤ በላይ በላዩ ጻፍክልኝ። በሁለቱም ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የዘይቱ ነገር። አንተ ከአሰብ ትጠይቀኛለህ፣ ኮከብ ከፊቴ ተቀምጣ ትጠይቀኛለች። ሽማግሌ ሰው በሁለት ወገን ተከበብኩ።

ስማ። አንቺም ስሚ ኮከብ፤ እየጻፍሽ ስሚ።

ያየኸውን አይተሃል። ሞተር ያለ ናፍጣ ይሠራል። የራሱን ዘይት ከጠጣ ይሠራል። ናፍጣውን ብትቆርጥበት ግድ የለውም፤ ማጥፊያውን ብትስብ ግድ የለውም። ዘይቱን እየጠጣ፣ እየጮኸ፣ ራሱን እስኪበጣጥስ ይሮጣል። ዘይቱን ወደ አፉ የወሰደው የእኔ ቱቦ ነው። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ ዘይቱን ከልኩ በላይ የሞላሁት እኔ ነኝ። የሠርግ ቀን ነው፣ አሥራ አንድ ሰው ትሸከማለች፣ እሷም ትጥገብ ብዬ። በሠርግ ቀን ሰው ሁሉ እየበላ እሷን በልክ ማዋል ነውር መሰለኝ። አቀበቱ ላይ ወደ ኋላ ስታዘነብል ያ ሁሉ ዘይት በቱቦው ሽቅብ ሄደ።

ማቆሚያው ቀላል ነው። አፏን መድፈን። አየር የምትስብበትን አፍ በጣውላ ግጥም አድርጎ መድፈን፤ እስከ አሥር ሳትቆጥር ትሞታለች። እጅህን ግን እንዳታስገባ፣ ትበላዋለች።

ይህን አውቅ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት አሠሪዬ የነገረኝ ነው፤ የነገረኝም በተመረቅሁ ቀን ነው። የኛ ሙያ ወግ ይህ ነው፤ ከአሥሩ ዘጠኙን ታስተምራለህ፣ አሥረኛውን ከምርቃቱ ጋር ትሰጣለህ። አንተን በሦስተኛው ዓመት ልመርቅህ ይገባኝ ነበር። እጅህ ከእጄ በልጦ ነበር። ከመረቅኩህ የራስህን ጋራዥ ትከፍታለህ፣ ደንበኛው ሁሉ ተከትሎህ ይሄዳል፣ እኔ ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እቀራለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ «ገና ነህ» አልኩህ። «ገና» ግን አልነበርክም።

ዲቃላዋን ጎትተው ግቢዬ ሲያስገቧት የተቃጠለውን ዘይት ጠረን ሳሸት ያኔውኑ አውቄያለሁ። ገሜዳ ሲጠይቀኝ አውቄ ነው። «የሠራኸው መኪና ሰው ይሰብራል» ከምባል «ተማሪው ሰክሮ ነው» ይባል አልኩ። መድኃኔዓለምን ብዬ ማልኩ። አንተ ፊቴ ቆመሃል፤ ዓይኔን እያየህ ነው።

ኮከብ ይህን መሐላ ጻፈችው። አልከለከለችኝም።

ከዚህ በታች ያለው ቀለም ከላይኛው የተለየው ሌላ ቀን የተጻፈ ስለሆነ ነው። ኮከብ ብዕሯን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። የተጻፈውን ባላነበውም አየዋለሁ። ሦስት ቀን አልመጣችም። ልቅደደው ብዬ ሁለቴ አነሣሁት፤ የቱ ጋ ምን እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ ያንተ ስም የቱ ነው፣ የእኔ ውሸት የቱ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ዛሬ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ስድስት ወር ሙሉ በጸሎቴ ፀሐዬን ስከስ ነበር» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ልጄን እያዩት ነበር። በየቀኑ በደጅዎ ሲያነክስ ያዩት ነበር።»

«አዎ።»

«ሌላ የሚሉት የለዎትም?»

«የለኝም።»

«ለወንድሙ ነገርኩት» አለች። «ምን አለ?» አልኳት። «ሳቀ። ከዚያ ተናደደ። ከዚያ ‹ጉልበቴማ አንዴ ሄዷል፣ የፀሐዬን ስም ግን ይመልሱለት› አለ።» ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና «ይጨርሱ፣ የሚፈላ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

ጨርሻለሁ። ይቅርታ ማለት አልለመድኩም፤ ይኸው ብዬዋለሁ።

ቀለመወርቅ

አሰብ፣ መስከረም 8 ቀን 1965 ዓ.ም.

ጋሼ ቀለመወርቅ፤

እንኳን አደረሰዎት የሚል ቃል እጄ አልጽፍ አለኝ።

ደብዳቤውን ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ለአየለ ሰጥቼው ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ዓይኔ የሌለውን ያነበበ መስሎኝ ነው። «ያውቅ ነበር ነው የሚለው?» አልኩት። «ነው የሚለው» አለኝ።

ያውቁ ነበር። እኔ የተቆረጠ ቱቦ ይዤ፣ ሰው እየጮኸ፣ ወንድሙ ወድቆ፤ ማቆሚያው ጣውላ ነበር። መኪናው ውስጥ ሁለት ጣውላ ነበረ። የሙሽሪት ሣጥን ያረፈበት ነው።

ይቅርታዎን በወረቀት አልቀበልም። እኔን ሰካራምና ውሸታም ያሉኝ በሰው ፊት ነው፤ የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው። እስከዚያ አይጻፉልኝ።

እትዬ ኮከብን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይበሉልኝ።

ፀሐዬ

ኮልፌ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለፀሐዬ፤

አይጻፉልኝ ስላልከኝ አልጻፍኩም። አሁን የምጽፍልህ የምጽፈው ስላገኘሁ ነው።

ደብዳቤህ በተነበበልኝ ማግሥት ገሜዳን፣ ደመቀን፣ ሦስቱንም ሌሎች ሽማግሌዎች ያኔ ከተቀመጡበት ከመድኃኔዓለም ደጅ ሰበሰብኳቸው። ሁሉንም ተናገርኩ። ቱቦውን፣ ዘይቱን፣ መሐላውን። ምን እንዳደረጉኝ ታውቃለህ? ሳቁብኝ! ገሜዳ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ቀለሜ፣ ልጁ ናፍቆህ ነው፤ እኛም ናፍቆናል። ግን ለእሱ ብለህ በእርጅናህ አትዋሽ» አለኝ። ደመቀ ደግሞ «ሳይበላ የሚሮጥ ፍጥረት የለም ያልከን ራስህ ነህ፤ ደግ ብለሃል፣ አታፍርሰው» አለኝ። ስዋሽ አመኑኝ፣ እውነት ስናገር አረጀ አሉኝ። ደንግጬ ቆቤን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ ቃሌ መሬት ሲወድቅ ይህ መጀመሪያው ነው። ያኔ አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ነበርኩ፤ ድንጋዩ እንኳ ያው ነው።

«እንግዲያው ቅዳሜ ግቢዬ ኑ፤ በዓይናችሁ ታያላችሁ» አልኳቸው።

ዲቃላዋን ገጥሜ ጨርሼ ነበር። ሰባት ወር የለፋሁባት ናት። መጀመሪያ ሳስነሣት እንደ ሕፃን እስትንፋስ ለስላሳ ነበረች፤ ባቄላ በላይዋ ብታስቀምጥ አይንከባለልም። ያንን የመተንፈሻ ቱቦ ጥዬው ነበር፤ አንሥቼ መልሼ ገጠምኩት። ዘይቱን እንደ ሠርጉ ቀን ሞላሁት። ጎማዎቹን በግንድ አገድኩ። የኋላዋን ዝቅ፣ የፊቷን ከፍ አደረግሁ፤ አቀበቱን ትምሰል ብዬ። ኮከብ ይህን ስታይ «ጋሼ፣ እንደገና ብትፈነዳስ?» አለችኝ። «ትፈንዳ» አልኳት። አፌ ነው እንጂ ሆዴ አላለም።

ቅዳሜ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፣ ዛፍ ላይ የወጣም አለ። አስነሣኋት። ጥቂት ሠራች። ከዚያ ድምፁ መጣ። ያን ድምፅ ታውቀዋለህ፤ እኔ አላውቀውም ነበር። ሠላሳ ዓመት በወሬ ይዤው ኖርኩ እንጂ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም። «የናፍጣውን ቱቦ ቁረጥ!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሙ ቆረጠው፤ ገሜዳ ተቀብሎት በእጁ ያዘው። ናፍጣው በገሜዳ ጫማ ላይ ይፈሳል። ዲቃላዋ ግን ትጮሃለች። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ነጩ ጭስ ግቢውን ሞላው። ደመቀ ከዘራውን ጥሎ አጥር ዘለለ፤ ያ የሰባ ዓመት ሽማግሌ! ገሜዳ ቱቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «በስመ አብ፣ በስመ አብ» ይላል፣ ከዚያ አይወጣም።

ጣውላው በእጄ ነበር። ጎማ የለበጥኩበት፣ አፏን ለክቼ የቆረጥኩት ጣውላ። አሥር እርምጃ ነው ያለው። እውነቱን ልንገርህ፤ ፈራሁ። ማቆሚያውን የማውቅ እኔ፣ ማቆሚያውን በእጄ የያዝኩ እኔ፣ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ አንተ ምን እንዳየህ ገባኝ። አንተ ግን ሳታውቅ አጠገቧ ሄደሃል፤ ሰንጢ ይዘህ እጅህን አስገብተሃል።

«አፏን ድፈኑ! አየሩን ድፈኑ!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሙ እያነከሰ መጥቶ ጣውላውን ከእጄ ነጠቀና በደረቱ ተደግፎ ከደነባት። አንዴ አስነጠሰች። ሁለቴ ተንቀጠቀጠች። ቆመች።

የሚያለቅስ ሕፃን ብቻ ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገረው ገሜዳ ነው። እንደ በፊቱ ቀለሜ አላለኝም። «አንተ ሰው፣ ይህን ካወቅህ ፀሐዬ ለምን አላወቀም?» አለኝ።

«አላስተማርኩትም» አልኩ።

«ለምን?»

«እንዳይበልጠኝ።»

ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ቢስቁ ደስ ይለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ፍርዱን ደመቀ ተናገረ። «ፀሐዬ ከየካቲት ወዲህ ዘጠኝ ወር መኪና ሳይነካ ኖሯል። አንተም ዘጠኝ ወር መኪና አትነካም። የማልክበትን የመድኃኔዓለምን ነገር ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ፤ እሱ የኛ አይደለም።» ልክ ነው አልኩ። ይግባኝ አላልኩም። የወንድሙን ካሳ ለብቻችን ተነጋግረናል፤ እሱ የሚለው ይሆናል።

ከዚህ ጋር ያለው የምስክር ወረቀትህ ነው። ያረቀቅነው ኮከብና እኔ ነን፤ አምስቱ ሽማግሌዎች አሻራቸውን አድርገውበታል። ስካር አልነበረም፣ ውሸት አልነበረም፣ ጥፋቱ የሠሪው ነው ይላል። ሠሪው እኔ እንደሆንኩ ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፏል። ወንድሙ ፊርማውን አኑሯል። ለኃላፊው ስጠው። ካልተቀበለ ገሜዳ አሰብ ድረስ ወርጄ እናገራለሁ ብሏል፤ ያደርገዋል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

ዲቃላዋ ድናለች። የመተንፈሻውን ቱቦ በመጋዝ ቆራርጬ ጣልኩት፣ ዘይቷን በልኩ አደረግሁ፤ ይህ ፍርዱ ሳይነገር በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም፣ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሳትነሣ ከከረመች አዲሶቹ ቀለበቶች ይዝጋሉ፤ አንተ ታውቃለህ። ይህን የምነግርህ ልለምንህ አይደለም፤ ባለሙያ ለባለሙያ እንደሚናገረው ነው።

ኮከብ «ና በሉት እንጂ» ትለኛለች። አልልም። ዘጠኝ ዓመት ገና ነህ እያልኩ ያስቀረሁህ ሰው ዛሬ ደግሞ ና ብዬ አላስቀርህም። ሥራውን ካገኘህ ያዝ። መምጣት ካማረህ በሩን ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ምርቃቱ። በወጉ ተማሪው ተንበርክኮ ነው፤ አንተ ግን በሌለህበት ይሁን፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። እጅህ ይባረክ። የነካኸው ይነሣ። ፊትህ የቆመ አያሳፍርህ። እጄ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ፤ ያስቀረሁት የለም።

ቀለመወርቅ

ጋሼ ምርቃቱን ቆመው ነው ያሉት። እኔ አይቻለሁ። ኮከብ።